ዛፍ ያለበት ቤት

እኅቶቼ፣ «ጅዳ ውስጥ ከገበያና ከባሕር ዳር ሌላ ምን የሚታይ አለ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ስለ ነሲፍ ቤት እነግራችኋለሁ። ወርቅ ልትገዙ በለድ ስትሄዱ በአጠገቡ ሳታልፉ አትቀሩም። ከባሕሩ ወደ መካ በር በሚወስደው የዐለዊ ገበያ ላይ ነው፤ ድሮ በመርከብ የመጡ ሐጃጆች ወደ መካ የሚሄዱት በዚያ በር ነበር።

ቤቱን ያሠራው የጅዳ ሹም የነበረው ዑመር ነሲፍ ነው፤ በ1872 ተጀምሮ በ1881 አለቀ። 106 ክፍል አለው። (እኔ ቁጥሩን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ማን ይጠርገው እንደነበር ነው።) ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉት እዚህ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል።

የቤተ መንግሥት አትክልት አትጠብቁ። ያለው ደጁ ላይ የቆመ አንድ የኒም ዛፍ ነው። ያኔ ጅዳ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ይቸግራት ስለነበር ሌላ ዛፍ አልነበራትም ይባላል፤ ሰዉም ቤቱን «ዛፍ ያለበት ቤት» ይለው ነበር።

ውስጥ ስትገቡ ደረጃውን ልብ በሉ። ሰፊና ዝግ ያለ አቀበት ነው፤ ግመል ጭነቱን እንደያዘ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይወጣበት ነበር ይላሉ። እኛ የሩዝ ጆንያ ተሸክመን ሦስት ፎቅ ስንወጣ የሚያግዘን ግመል የለም! ሮሻን የሚባሉት የእንጨት መስኮቶች ደግሞ ነፋስ ያስገባሉ፤ ከውስጥ ያለችው መንገዱን ታያለች፣ እሷን ግን ማንም አያያትም።

ከእንዲህ ዓይነት መስኮት ጀርባ የሐበሻ ሴቶችም ኖረዋል። በቀይ ባሕር ተሻግረው የተሸጡ ናቸው። በ1884 እና በ1885 ጅዳና መካ የተቀመጠው ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ኸርግሮኝየ በመካ ቤቶች ስላሉ የሐበሻ ሴት ባሮች ጽፏል። ባርነት እዚህ አገር በሕግ የቀረው በ1962 ነው፤ እናቶቻችን በሕይወት የደረሱበት ዘመን። እኛ ውልና ኢቃማ ይዘን በደመወዝ ነው የመጣነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፓስፖርቷን ተነጥቃ ደመወዟ ለተያዘባት እኅት ግን ልዩነቱ እንዴት እንደሚታያት እናንተው ታውቃላችሁ።

በለድ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እድሳትም ስላለ ቤቱ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ኢቃማችሁን እንዳትረሱ።