ወደብ በደጃፋችን

«አገራችን ወደብ የላትም» የሚለውን አነጋገር ከመስማታችን ብዛት የተነሣ፣ እኛ የፔዳ ተማሪዎች በደጃፋችን ወደብ መኖሩን ዘንግተነዋል። እርግጥ ነው፤ ጣና በልማድ ባሕር ቢባልም በጂኦግራፊ ሐይቅ ነው። ነገር ግን መርከብ የሚጫንበት፣ ታንኳ የሚራገፍበት፣ ሰው የሚሸኝበትና የሚቀበሉበት ሥፍራ ወደብ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ማልደን ወደ ዳሩ ወረድን። ያየነውንና ጠይቀን የተረዳነውን፣ እንቅልፍ ላሸነፋቸው ጓደኞቻችን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

በጣና ላይ ሦስት ዓይነት መጓጓዣ አለ። የሁሉም ታላቅ ታንኳው ነው። የሚሠራው ከደንገል ሲሆን፣ በሙያው ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ሲደርቅ ቀላል ነው፤ በውስጡም አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። ሆኖም ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። እኛ በደረስንበት ሰዓት ከዘጌ በኩል የማገዶ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጡ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው እንጨቱ ብቻውን በውኃ ላይ የሚሄድ ይመስላል።

ታንኳቸውን ወደ ዳር የሚስቡ አንድ አዛውንት አግኝተን፣ «አባባ፣ ይህ ስንት ዓመት ያገለግልዎታል?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳቁብን። «ዓመት አላችሁ ልጆቼ? ወራት በሉ እንጂ! እሱ ሲበሰብስ ሌላ እሠራለሁ፤ ደንገሉ እስካለ ድረስ ምን ቸገረኝ!» አሉን።

ሁለተኛው ሞተር ጀልባ ነው። ይህ ተሳላሚውንና አገር ጐብኚውን ወደ ገዳማቱ ያደርሳል፤ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስ፣ በዘጌም ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ሦስተኛው ትልቁ መርከብ ነው። ለብዙ ዘመን የታወቀው መስመሩ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ ደሴትና በቁንዝላ በኩል አድርጎ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቅ ሲሆን፣ እህልም ሰውም የሚጫንበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በየብስ ስትጓዝ፣ በየመንገዱ ያለው ሕዝብ ወጥቶ ተመልክቷታል። ከውኃ ለመድረስ ስንት ተራራ ወጥታ የወረደች መርከብ ናት!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጣና ሰፊ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ በሚጠልቅበት ሥፍራ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንደ ሰፌድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከሰፌድ ላይ ጥቂት ውኃ ሲጎድል ዳሩ ፈጥኖ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ጣናም አንድ ሜትር ሲጎድል ውኃው ከወደቡ ይሸሻል።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፤ በ2001 ደግሞ ለሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲባል በሮች ተጨምረውለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የዝናቡ ማነስና ለመብራት የሚለቀቀው ውኃ ብዛት ተባብረው የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች አወረዱት። መርከቦቹ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉበት ዝቅተኛው ልክ ይኸው ስለ ነበረ፣ አራት ወር ያህል ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከምዕራቡ ዳር ውኃ የሚወስደው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2011 እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ታየ፤ ይህ አረም ውኃውን ሸፍኖ የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ይይዛል። የአዛውንቱ ደንገልም ቢሆን ዳሩ ለእርሻ በታረሰ ቁጥር እየሳሳ ሄዷል።

እንግዲህ መብራት አይኑር ማለታችን ነውን? አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በመብራት ነው። ማለት የፈለግነው፣ መብራቱም መስኖውም መርከቡም ታንኳውም ከአንድ ሰፌድ የሚቋደሱ መሆናቸውን ነው። ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚገባው ሲሰፈር፣ ድምፁ ከሁሉ የሚያንሰው ባለታንኳው ነው። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ውኃውን ይለኩ፤ የሕግ ተማሪዎች መብቱን ይመርምሩ፤ እኛ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ ሄደን እንስማ።

ወደ ግቢ ስንመለስ አዛውንቱ ታንኳቸውን ለፀሐይ አስጥተው በጥላው ተቀምጠው ነበር። «ደኅና ግቡ ልጆቼ፤ ደግሞ ኑ» አሉን። በሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን፤ አብሮን የሚሄድ ቢኖር ማልዶ ይነሣ።