የምግብ ፋብሪካ መኪናዎችን በሌሊት ስለሚያጥቡ ሠራተኞች

በአሜሪካ አገር ሥጋና ዶሮ በሚዘጋጅባቸው ታላላቅ ፋብሪካዎች የመበለቱ ሥራ ሲፈጸም በሌሊቱ ተራ የሚገቡ ሌሎች ሠራተኞች አሉ። የእነዚህም ሥራ ማጠብ ነው፤ ይኸውም የሚቆርጠውን፣ የሚፈጨውንና አጥንት ከሥጋ የሚለየውን መኪና፣ ሥጋውን የሚያመላልሰውንም የኮንቬየር ቀበቶ በሙቅ ውሃና በማጽጃ መድኃኒት አጥበው ሳይነጋ ማስረከብ ነው። ሲነጋ የእርሻ ሚኒስቴር መርማሪ መጥቶ መኪናውን ይመለከታል፤ በጥርሱ መካከል የትናንት ሥጋ ተጣብቆ ቢያገኝ ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ሥራው እንዳይጀመር ይከለክላል። ከዚህም የተነሣ አጣቢው ከሌሊቱ ጋራ እየተሽቀዳደመ ይሠራል።

የሚበላውን ሰው የሚጠብቀው ሕግ የቆየ ነው። በዚያ አገር የሥጋ ምርመራ ሕግ የታወጀው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1906 ሲሆን፣ ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት ደራሲው አፕተን ሲንክሌር ስለ ቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች የጻፈው መጽሐፍ ነበር። ደራሲው ሊገልጥ ያሰበው የሠራተኞቹን መከራ ነው፤ አንባቢው ግን ይልቁንም ስለሚበላው ሥጋ ደነገጠ። መኪናን ከማደስና ከማጽዳት አስቀድሞ ኃይሉን ቆርጦ መቆለፍ እንደሚገባ የሚያዝዘው የአገሪቱ ጠቅላላ ደንብ የወጣው በ1989 ነው። በሁለቱ መካከል 83 ዓመት አለ።

የማጠቢያው ሰዓት ከሥራው ሰዓት ይልቅ የሚያስፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀን የመኪናው ስለት በብረት መከለያ ተሸፍኖ ይውላል፤ አጣቢው ግን መከለያውን ሳያነሣ የተሸሸገውን ስብና ደም ሊያወጣ አይችልም። ወለሉ ያዳልጣል፤ የሙቁ ውሃ እንፋሎት ዓይን ይጋርዳል፤ ከጩኸቱም ብዛት ባልንጀራው ቢጣራ አይሰማም። በዚህ ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ የቆመ ሰው ማንም የሌለ መስሎት ማስነሻውን ይጫናል።

ማቆሚያውን ተጭኖ መኪናው ጸጥ ሲል አደጋው ያለፈ የሚመስለው ብዙ ነው። መኪናው ግን ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ደንቡ የሚያዝዘው ዋናው የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ተዘግቶ በጓጉንቸር እንዲቆለፍ ነው። ስድስት ሰዎች በአንድ መኪና ላይ ቢሠሩ ስድስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱም የራሱን መክፈቻ በኪሱ ይይዛል፤ የመጨረሻው ሰው ጓጉንቸሩን እስኪያነሣ ድረስ መኪናውን ማስነሣት የሚችል የለም። ኤሌክትሪኩ ከተቆረጠ በኋላም በቧንቧ ውስጥ የታመቀ አየር፣ የተወጠረ ሞላና ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ክብደት ሊቀር ስለሚችል አየሩ ይለቀቃል፣ የተንጠለጠለውም በድጋፍ ይያዛል። በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭኖ መኪናው በእርግጥ አለመነሣቱ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ፈተና ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

አስቸጋሪው የቀበቶው ጉዳይ ነው። ቀበቶው ትንሽ በትንሽ ካልተዛወረ ከሥሩ ያለው አይታጠብም። ትክክለኛው መንገድ ሰው ሁሉ እጁንና ዕቃውን ካራቀ በኋላ መቆለፊያውን ከፍቶ ቀበቶውን ማዛወር፣ ደግሞም ቆልፎ ቀጣዩን ክፍል ማጠብ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል የሚል አለ፤ በእውነትም ይወስዳል። ባለ ፋብሪካው ለማጠቢያ የመደበው ሰዓት ይህን ያልቈጠረ እንደ ሆነ፣ ደንቡ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ ቀበቶው እየሮጠ ይታጠባል።

ሥራውን የሚሠሩት እነማን እንደ ሆኑ በ2023 በግልጽ ታየ። በየካቲት ወር የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ፓከርስ ሳኒቴሽን ሰርቪስስ የተባለው የጽዳት ኩባንያ በ8 ክፍላተ አገር ባሉ 13 ፋብሪካዎች ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 102 ልጆችን በአደገኛ ሥራ ማሠማራቱን ገለጠ። ኩባንያው የከፈለው መቀጫ ለአንድ ልጅ 15,138 ዶላር ነበር፤ ሕጉ በዚያን ጊዜ የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ይኸው ነበርና። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ በሚሲሲፒ ክፍለ አገር፣ በሐቲስበርግ ከተማ ባለ የዶሮ ፋብሪካ፣ የ16 ዓመት ልጅ አጥንት የሚለየውን መኪና ሲያጸዳ ተይዞ ሞተ። መርማሪዎቹም የመኪናው ኃይል እንዲቆረጥና እንዲቆለፍ አለመደረጉን ገልጠው ከ200 ሺህ ዶላር የሚበልጥ መቀጫ ጠየቁ።

ማጠቡ በኮንትራት ሲሰጥ ሌላ ክፍተት ይከተላል። ማቋረጫው ወዴት እንዳለ የሚያውቀው ባለ ፋብሪካው በሌሊት የለም፤ በሌሊት ያለው ተቋራጭ መኪናውን በሚገባ አያውቀውም። የ1989ኙ ደንብ ሁለቱ አሠሪዎች ስለ አቆላለፉ ሥርዓት እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ የሚያስገድደው ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያም በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ አድርጓል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ወጣት ሠራተኛ ለይቶ ከአደገኛ ሥራ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ፋብሪካ የሚጎበኝ ሹም በቀን ብቻ የሄደ እንደ ሆነ መከለያው በቦታው ተገጥሞ፣ መኪናውም ታጥቦ ያገኘዋል። መከለያው በሚነሣበት ሰዓት ይሂድ፤ የጓጉንቸሮቹንም ቊጥር በመኪናው ዙሪያ ከቆሙት ሰዎች ቊጥር ጋራ ያስተያይ።