የምህንድስና በር የሚከፈትባቸው ሦስት ሚዛኖች

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ ወይም በሞያሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ መሐንዲስ ለመሆን ቢመኝ፣ ምኞቱ የሚመዘነው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሦስት የተለያዩ ሚዛኖች ነው። የመጀመሪያው በትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረው የትምህርት ቤት ውጤት፣ ሁለተኛው አገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ሦስተኛው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሚመዘገበው አማካይ ውጤት ነው። የሦስቱ ክብደት እኩል ባለመሆኑ፣ ልጁ ከዓመት ዓመት ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ ያየ ቤተሰብ የአገር አቀፉ ውጤት ሲገለጽ ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

በትምህርት ቤት እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይያዛል፤ የየሴሚስተሩ ፈተና፣ የቤት ሥራና የክፍል ተሳትፎ ተደምሮ አማካዩ ከተሰላ በኋላ ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጻጽሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ይህ ውጤት ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግራል፤ በአገር አቀፉ ፈተና ድምር ውስጥ ግን አይገባም። ምክንያቱም የአንዱ መምህር 85 ከሌላው መምህር 85 ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ መለኪያ የለም። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን አንደኛ የወጣ ተማሪ ነበረ። የክፍል ደረጃ ተማሪው ከጎኑ ከተቀመጡት የት እንደሚገኝ ይናገራል እንጂ በአገሪቱ ውስጥ የት እንደቆመ አይናገርም።

ሁለተኛው ሚዛን ከሁሉም የከበደው ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በስኮላስቲክ አፕቲትዩድ፣ ማለትም የማገናዘብ ችሎታን በሚለካው ፈተና፣ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ከ100 ስለሚታረም ድምሩ 600 ይሆናል። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን፣ ማለትም 300 ማምጣት ያስፈልጋል። ይህ መስፈርት በተጣለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ያለፉት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ደግሞ በመረጧቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡት በውጤታቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ጥቂት ነጥቦች ተማሪውን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ያሸጋግሩታል።

ፈተናው ለሁሉም አንድ ቢሆንም ወደ ፈተናው የሚወስደው መንገድ ግን አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ነገሌ ቦረናና በዙሪያዋ የሚማር ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንሱን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል፤ ስለዚህ የፊዚክስ ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር ፊዚክሱን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ይፈተናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና አርብቶ አደር ከብቶቹን አጥቷል፤ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ከቤተሰቡ ጋር የተንከራተተ ልጅም ያለፉትን የትምህርት ወራት መልሶ አላገኛቸውም። እነዚህን ወራት የሚመዘግብ ቦታ በመልስ ወረቀቱ ላይ የለም።

ክፍተቱን ለማጥበብ ሁለት መንገዶች ተዘርግተዋል። አንደኛው ከ50 በመቶ በታች ላመጡ፣ ነገር ግን የተወሰነ ነጥብ ለደረሱ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው ትምህርት ነው። ሁለተኛው ወደዚሁ ትምህርት ለመግባት ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የሚቀመጠው ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ነው። ይህ ችሮታ ሳይሆን በእኩል ባልተዘጋጀ ሜዳ የተሮጠን ሩጫ በአግባቡ የመለካት ጥረት ነው።

ዩኒቨርሲቲ መግባት ግን ምህንድስና መግባት አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ በመሆኑ ተማሪው መስኩን የሚመርጠው ከገባ በኋላ ነው፤ ሲቪል፣ መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል የሚለው የትምህርት ክፍል ምርጫም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ዋናው መመዘኛ ጂፒኤ፣ ማለትም ከ4 ነጥብ የሚሰላው አማካይ ውጤት ሲሆን፣ የአገር አቀፉን ፈተና ነጥብ የሚደምሩ ተቋማትም አሉ። የክብደቱ ድርሻ ደረጃን እንዴት እንደሚገለብጥ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት ተማሪ በአገር አቀፉ ፈተና ከ600 360፣ በጂፒኤ 3.4 አመጣች እንበል፤ ሁለቱ ወደ መቶኛ ሲለወጡ 60 እና 85 ይሆናሉ። ሌላው ተማሪ 450 እና 3.0 ቢያመጣ ሁለቱም 75 ናቸው። ለጂፒኤ 70፣ ለፈተናው 30 በመቶ ሲሰጥ እርሷ በ77.5 እርሱን በ75 ትቀድመዋለች፤ ድርሻው ሲገለበጥ ግን እርሷ ወደ 67.5 ወርዳ እርሱ በ75 ይቀድማል። የሁለቱ እውቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይጨምራሉ። በሌላውም ዓለም የትኛው ውጤት ምን ያህል ይክበድ የሚለው ጥያቄ አንድ ሆኖ መልሱ ይለያያል። የሕንዷ ታሚል ናዱ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ የምህንድስና መግቢያ ፈተናን አስቀርታ የ12ኛ ክፍልን የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ውጤት ብቻ መያዝ ጀመረች፤ መከራከሪያዋም ፈተናው የጥናት ክፍያ የማይችለውን የገጠር ልጅ ይጎዳል የሚል ነበር። ጎረቤቷ ኬረላ በበኩሏ የትምህርት ቤቱንና የመግቢያ ፈተናውን ውጤት አጣምራ ትይዛለች።

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ውጤት ወደ ድምሩ እንዲገባ ከተፈለገ፣ አስቀድሞ የነገሌው 85 እና የአዲስ አበባው 85 የሚነጻጸሩበት የታመነ ምዘና መዘጋጀት አለበት። እስከዚያ ድረስ ለአርብቶ አደር አካባቢው ተማሪ ፍትሐዊው ሚዛን ሦስተኛው ነው፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍትና በአንድ መምህር ፊት ከሌሎች ጋር እኩል የሚመዘነው ያኔ ብቻ ነውና። ስለዚህ የቡሌ ሆራን፣ የያቤሎውን ቦረናንና የሮቤውን መዳ ወላቡን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዓመት ውጤት የሚሰጡትን ድርሻ ከፍ ቢያደርጉና አሠራሩን ተማሪው ሲገባ በግልጽ ቢያሳውቁት፣ ልጁ የተነፈጋቸውን ዓመታት በአንድ ዓመት ትጋት የሚያካክስበት ዕድል ያገኛል። ወላጅና መምህርም ልጁን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ የቱ ላይ እንደጎደለው ቢጠይቁት ይሻላል፤ የሦስቱም ሚዛኖች መልስ የሚሠራው በዚያ ጥያቄ ነው።