የተማሪ ላፕቶፕ፤ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን የሚያነብ ያተርፋል

የትምህርት ዘመን በሚከፈትበት ሰሞን ከአዲስ አበባ የላፕቶፕ ሱቆች ደጃፍ ወላጅና ተማሪ አይጠፋም። በመርካቶ፣ በመገናኛም ሆነ በቦሌ መድኃኔዓለም የሚቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ወላጅ ዋጋው እንዲቀንስለትና ዕቃው አራት ዓመት እንዲያገለግል ይፈልጋል። ተማሪው በበኩሉ ከትምህርቱ ሌላ ማታ ማታ ኳስ የሚያጫውተው ካልሆነ ደስ አይለውም። በሁለቱ መካከል የቆመው ነጋዴ ወይም ደላላ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ካላወቀ ወይ ደንበኛውን ያጣል፣ ወይም ገንዘቡን ከመደርደሪያ ላይ አስሮ ይቀመጣል።

ይህን ጉዳይ ከወትሮው ይበልጥ አሳሳቢ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዊንዶውስ 10 የሚባለው ፕሮግራም ጡረታ መውጣቱ ነው።

ምንዛሪው ያመጣው ለውጥ

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንስቶ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ ይታወሳል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር ተሻገረ። በዚህ ሂሳብ የውጭ ዋጋው 400 ዶላር የሆነ ላፕቶፕ፣ ትራንስፖርትና ቀረጥ ሳይታሰብ፣ በ57 ብር 22,800 ብር ይሆን የነበረው በ100 ብር 40,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ምንዛሪው 10 ብር በጨመረ ቁጥር በአንዱ ዕቃ ላይ 4,000 ብር ይደመራል።

ስለሆነም ቀድሞ “ለጊዜው ይሁን፣ ከዓመት በኋላ ይቀየራል” ተብሎ ይገዛ የነበረ ዕቃ አሁን አንዴ ተገዝቶ ተማሪው እስኪመረቅ መቆየት አለበት። ገዥው ጠያቂ ሆኗል፤ ነጋዴውም መልስ ሊኖረው ይገባል።

የስምንተኛው ጀነሬሽን ድንበር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በወጉ አይጫንም። ኩባንያው ባወጣው መስፈርት መሠረት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል፣ እንዲሁም በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል።

ይህ መስፈርት በገበያው ላይ ድንበር አስምሯል። የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ቢሠሩም ዘመናቸው ወደ ማለቂያው ተጠግቷል። በአቋራጭ ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የተጫነ ማሽን ወደፊት ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ልዩነቱ ግን የፕሮግራም ብቻ አይደለም። ከ8ኛ ጀነሬሽን በፊት በቀጫጭን ላፕቶፖች የሚገባው ኮር አይ5 ሁለት ኮር ብቻ ነበረው። ለምሳሌ አይ5-7200ዩ ባለ ሁለት ኮር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ባለ አራት ኮር ነው። በአንድ ጀነሬሽን ልዩነት የሠራተኛው ቁጥር እጥፍ ሆነ እንደማለት ነው። ስለዚህ የ7ኛ ጀነሬሽን “አይ7” ከ8ኛው “አይ5” ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ገዥ፣ ቀጭን ላፕቶፕ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሸውዷል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል

ደላላው “ኮር አይ5 ነው” ሲል ገና ምንም አልተናገረም። ቁም ነገሩ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በ6፣ በ7፣ በ8 ወይም በ9 የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ ጀነሬሽኑን ያመለክታል። በ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ሁለቱ አሃዞች አብረው ይነበባሉ፤ 10210ዩ 10ኛ ነው፤ 1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም የራሱ ትርጉም አለው። “ዩ” የሚለው ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ማለት ሲሆን በተለምዶ በ15 ዋት አካባቢ ይሠራል። “ኤች” የሚለው ጉልበተኛ ነው፤ 45 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በጌም ላፕቶፖች ላይ የሚገኘውም እሱ ነው። በኤኤምዲ በኩል የሚመጣ ከሆነ ከራይዘን 5 3500ዩ ጀምሮ ያሉት ለተማሪ አስተማማኝ ናቸው።

አንዳንድ የላፕቶፕ ሞዴሎች በአንድ ዓይነት ቀፎ ሁለት ጀነሬሽን ይዘው ስለሚወጡ የሞዴሉን ስም አይቶ መግዛት አይበቃም። ከመዳፍ ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈው ምልክትም ተነስቶ ሌላ ሊተካበት ይችላል። እውነተኛው ማስረጃ ማሽኑ ተከፍቶ በዊንዶውስ “ታስክ ማናጀር” ውስጥ የሚታየው ስም ነው።

ራምና ማከማቻ

ለአካውንቲንግ፣ ለማኔጅመንት ወይም ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ለኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለምህንድስናና ለአርክቴክቸር ተማሪ ግን 16 ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምስሉን የሚያዘጋጀው ከዚሁ ራም ተበድሮ ነው። አንድ ባለ 8 ከሚሰካበት ይልቅ ሁለት ባለ 4 ቢሰካበት፣ መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚመላለስ ጌሙ በግልጽ ይፈጥናል። ዋጋው ተቀራራቢ ሆኖ ጥቅሙ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ነጋዴው ራም ሲጨምር ይህን ቢያስብበት ደንበኛው ያመሰግነዋል።

ከመግዛት በፊት ራሙ የሚነቀል ወይም ከቦርዱ ጋር የተበየደ መሆኑን ማጣራትም ተገቢ ነው። በጣም ቀጭን በሆኑ ላፕቶፖች ላይ የተበየደ ይበዛል፤ እንዲህ ያለው 8 ሆኖ ከተገዛ 8 እንደሆነ ይቀራል። ከ2025 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ወራት ጀምሮ የቺፕ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በማዞራቸው የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ መናሩም መረሳት የለበትም። “በኋላ ይጨመራል” የሚባለው ነገር ቀድሞ እንደነበረው ቀላል ወጪ ላይሆን ይችላል።

ማከማቻውን በተመለከተ ክርክር የለም፤ ኤስኤስዲ መሆን አለበት። የድሮው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 550፣ ኤንቪኤምኢ የተባለው ደግሞ እስከ 3,500 እና ከዚያም በላይ ያነባል። መጠኑ ግን ከጌሙ ጋር መታየት አለበት። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 የተሰኘው የኳስ ጌም ብቻውን 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። 256 የያዘ ላፕቶፕ እሱንና ዊንዶውስን ከጫነ በኋላ ለትምህርት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጌም ለሚፈልግ ተማሪ 512 ይሻላል።

የጌሙ ነገር

“ጌም ይጫወታል?” ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ “የትኛውን ጌም?” የሚል ነው። ገበያው በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የ8ኛና የ10ኛ ጀነሬሽን ተራ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። በውስጡ ያለው ዩኤችዲ ግራፊክስ እንደ ፔስ 2017 ያሉ የቆዩ የኳስ ጌሞችን ያጫውታል፤ ጂቲኤ 5ን ደግሞ የምስል ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ ያስኬዳል። ሁለተኛው በ11ኛ ጀነሬሽን አይ5 የመጣው አይሪስ ኤክስኢ ነው። ጉልበቱ ከቀድሞው በግምት እጥፍ ይደርሳል፤ ይህም የሚሆነው ራሙ ሁለት ላይ ሲሰካ ነው። የራይዘን ቬጋ ግራፊክስም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመደባል። ትርፍ ጊዜውን ብቻ ለሚጫወት ተማሪ ይህ ደረጃ አመዛኙን ፍላጎት ይሸፍናል።

ሦስተኛው የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ነው። ኤፍሲ 24 በዝቅተኛነት የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ስለሆነ፣ አዲሱን ኳስ የሚፈልግ ተማሪ ከጂቲኤክስ 1650 በታች ቢወርድ አይረካም። ሆኖም እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ኪሎ ይበልጣል፤ ቻርጀሩ ራሱ ሸክም ነው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ለሚዞር፣ መብራት በሚጠፋበት ዶርም ለሚያድር ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንፃሩ አርክቴክቸር የሚማር ከሆነ ካርዱ ለጌም ብቻ ሳይሆን ለሕንፃ ንድፍ ሥራም ስለሚያገለግለው ወጪው ትክክል ነው።

በዚህ በኩል የተለመደ ማታለያ አለ። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ሲታይ ግማሹን ራም ለግራፊክስ ሊጋራ እንደሚችል ያሳያል። አንዳንዱ ሻጭ ይህንኑ ይዞ “ባለ 8 ጂቢ ግራፊክስ” ብሎ ይሸጣል። በጋራ የተያዘ ራም ግን ካርድ አይደለም። ታስክ ማናጀር ውስጥ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ካርድ ስም ለብቻው ካልተዘረዘረ፣ ካርድ የለም ማለት ነው።

የታሸገ ወይስ ያገለገለ?

ብዙ ወላጅ በካርቶን የታሸገ ዕቃ ያምናል። በተወሰነ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ግን ይህ እምነት ሊጎዳው ይችላል። በዝቅተኛ ዋጋ የሚቀርበው የታሸገ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ማከማቻ የያዘ ነው። የዊንዶውስ 11ን ዝቅተኛ መስፈርት ቢያሟላም፣ ጥቂት ማሻሻያ ሲጫንበት ቦታው ይሞላል፤ ጌሙማ አይታሰብም።

በተመሳሳይ ገንዘብ ስላይትሊ ዩዝድ የሚባለው የድርጅት ላፕቶፕ ይገኛል። ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ በውጭ አገር ኩባንያዎች በብዛት ተገዝተው ወይም ተከራይተው ከሦስትና ከአራት ዓመት አገልግሎት በኋላ በጅምላ የሚሸጡ ናቸው። ቀፏቸው ጠንካራ ነው፤ መለዋወጫቸው ይገኛል፤ ራምና ኤስኤስዲያቸው በአብዛኛው ይቀየራል። ጉዳታቸው ያረጀ ባትሪና የቀድሞ ባለቤት ቁልፍ ሊኖርባቸው መቻሉ ነው።

የኪቦርዱም ነገር ዋጋ ላይ ይገባል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ዓረብኛ ፊደል፣ ከፈረንሳይና ከጀርመን የሚመጣው ደግሞ ቦታቸው የተለዋወጠ ፊደላት ይኖሩታል። ለሥራው እንከን ባይሆንም ለዋጋ ክርክር በቂ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ዕቃ ቻርጀር ግን አያሳስብም፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች በተለምዶ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠሩ መሰኪያውን መቀየር ብቻ ይበቃል።

በሱቅ ውስጥ የአሥር ደቂቃ ፍተሻ

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉትን መፈተሽ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አንደኛ፣ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የራሙ መጠንና የተሰካበት ብዛት፣ የዲስኩ ዓይነትና የግራፊክሱ ስም ይታያል።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ይታያል። በሪፖርቱ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው መቀነስ አለበት።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ ባዮስ ይገባል። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞ ባለቤት ቁልፍ አልተነሣም ማለት ነው። እንዲሁም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እንደ አዲስ ሲጀመር የማያውቁት ኩባንያ ስም ይዞ መግቢያ የሚጠይቅ ከሆነ መተው ይሻላል።

አራተኛ፣ ስክሪኑ 1920 በ1080 መሆኑ፣ ማጠፊያው፣ ሁሉም ቁልፎች፣ ካሜራውና ዋይፋዩ ይሞከራሉ። በመጨረሻም ለአሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ወይም ጌም አስኪዶ ሙቀቱንና የማራገቢያውን ድምፅ ማዳመጥ ነው።

ለነጋዴው የሚተርፈው

ከላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች የሆነ ዕቃ በርካሽ ቢገኝም በብዛት መያዝ አደገኛ ነው። ለቢሮ ጽሕፈት የሚፈልግ ገዥ አይጠፋም፤ ነገር ግን በየወሩ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ በተወደደ ምንዛሪ ገዝቶ ማስቀመጥ ካፒታልን ማሰር ነው። በአንፃሩ 8ኛ እና 11ኛ ጀነሬሽን የድርጅት ላፕቶፕ በ16 ራም አዘጋጅቶ የያዘ፣ ጥቂት ባለ ካርድ ማሽኖችንም ለአርክቴክቸርና ለጌም ደንበኞች ለይቶ ያስቀመጠ ነጋዴ የሰሞኑን ፍላጎት ያሟላል።

ሁለተኛው የመተማመን ጉዳይ ነው። ገዥዎች ወደ ሱቅ የሚመጡት በቴሌግራም ዋጋ አወዳድረው ነው፤ የአንዱ ተማሪ ቅሬታም በአንድ ቀን ለዶርሙ ሁሉ ይዳረሳል። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የባትሪውን ሁኔታና የዋስትናውን ጊዜ ከደረሰኝ ጋር ጽፎ የሚሰጥ ሱቅ በአንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ትርፍ ቢተው በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ ወንድምን ወይም እህትን መልሶ ያገኛል። ቁጥሩን ደብቆ ስሙን ብቻ የሚያስተዋውቅ ደላላ ግን አንድ ደንበኛን ሁለት ጊዜ ማግኘቱ ያጠራጥራል።