ኳሷ ከመምጣቷ በፊት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ አቧራማ ሜዳ ዳር ቆሜ ታዳጊዎች ሲለማመዱ አየሁ። በሰልፍ ትይዩ ቆመው ይቀባበላሉ፤ አንድም ፓስ አይስቱም። ወዲያው ለሁለት ተከፍለው ግጥሚያ ጀመሩ። እነዚያው እግሮች ሦስት ፓስ ማያያዝ አቃታቸው። ለምን?

የአዞዎቹ፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ክለብ፣ ደጋፊ ይህን ጥያቄ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ክለቡ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባም ሲወርድም «ፓስ ይቆረጥብናል» ሲባል ኖሯል። በብሔራዊ ቡድኑም ያው ነው። በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ አጭር ቅብብሉ ተወደሰለት፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 በተሸነፈበት ቀን ግን ያ ቅብብል አላዳነውም።

ታዳጊዎቹን የሚያሠለጥኑት ጎልማሳ፣ ልጆቹ «ኮች» የሚሏቸው፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ቀደሙኝ። «በሰልፍ ሲቀባበሉ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ሥርዓት ያለው ይመስላል። እኔ ግን ቀጥዬ መሃል ላይ ነጣቂ አስገባለሁ። ያኔ ይበላሻል። ይበላሽ! እሑድ ግጥሚያ ላይ ከሚበላሽ ዛሬ እዚሁ ይበላሽ።»

ምርምሩም ከእሳቸው ጋር ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች በእጃቸው ትንንሽ የእንጨት መሰናክሎችን በተለያየ ቅደም ተከተል እንዲጥሉ አደረጉ። አንዱን ቅደም ተከተል ደጋግመው ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀጣዩ ያለፉት በልምምዱ ወቅት ፈጣኖች ነበሩ፤ እያቀላቀሉ የተለማመዱት ግን ይንገዳገዱ ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት እነዚያ የተንገዳገዱት ናቸው። ኖርዌያዊው ጌር ዮርዴት ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን በካሜራ ተከታትሎ፣ ኳስ ሳይደርሳቸው ደጋግመው ዙሪያቸውን የሚቃኙት ፓሳቸው በብዛት እንደሚሳካ አሳይቷል። በመቃኘት ከፊተኞቹ አንዱ ፍራንክ ላምፓርድ ነበር። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል በተከለከለበት በራግቢም ተቀባዩ የሚመጣው ከኋላ ነው፤ አቀባዩ ኳሱን ከመያዙ በፊት ጓደኛው የት እንዳለ ማወቅ አለበት።

«ልጁ የሚያየው ኳሷን ብቻ ነው፤ እግሩ ምን ጥፋት አለው?» አሉ ኮች። «ቀይ ወይ ቢጫ ጨርቅ ከጀርባው አነሳለሁ። ኳሷ ሳትደርሰው ቀለሙን ካልጠራ ፓሱ አይቆጠርለትም። ያለኝ አራት ኳስ ነው፣ ልጁ ከሠላሳ በላይ ነው። ሰልፍ ብቻ ካስያዝኳቸው ቆመው ነው የሚውሉት፤ አራት ተቀባባይ ለሁለት ነጣቂ ካደረግኳቸው በየተራ ሁሉም ይነካል።»

የታዳጊዎችን የሥልጠና ዕቅድ ማን እንደሚያወጣ የጠየቅኋቸው አንድ የስፖርት ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ። በተደጋጋሚ ብደውልም አላነሱም።

እስከዚያው በሰልፍ ብቻ ያደገ ልጅ ለክለብ ሙከራ ሲቀርብ ተቃራኒ ተጫዋች ይገጥመዋል፤ ሳይመረጥ ይቀራል፤ «ችሎታ የለውም» ይባላል።

ነጣቂ ማስገባት በጀት አይጠይቅም፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅም እንዲሁ። ሲቀላና ሴቻ ያላችሁ አሠልጣኞች፣ ከነገው ልምምድ ጀምሩ።