ጠርሙሱ ዋሻው ውስጥ እንዴት ገባ?

በእንግሊዝኛ አውሮፕላን ከምድር ሲነሳ «ቱክ ኦፍ» ይባላል። ሰው ኮቱን ሲያወልቅም «ቱክ ኦፍ» ነው። ለአንድ ቀን ከሥራ የቀረ፣ ድንገት እብስ ያለ፣ ንግዱ የደራለት ሁሉ በእነዚሁ ሁለት ቃላት ይገለጻል። ወደ ስፓኒሽ የሚተረጉም ሰው ግን ለአውሮፕላኑ «ዴስፔጋር»፣ ለኮቱ «ኪታርሴ»፣ እብስ ላለው «ላርጋርሴ» እያለ ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ ግስ መፈለግ አለበት።

ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲሰጥ ሐረጋዊ ግስ ይባላል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተሙት መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ እንግሊዝኛ የሚማር ባዕድ ከሁሉ የሚቸገረው በዚህ ጥምረት መሆኑን ጽፈዋል። ዛሬ የሚሠራበትን የእንግሊዝኛ ስያሜ ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 በመጽሐፋቸው አስተዋወቁት፤ ስሙን ያወጡት ግን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበሩት ሄንሪ ብራድሌይ መሆናቸውን መስክረዋል። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍ ክምችት ውስጥ ካሉት ሐረጋዊ ግሶች ከግማሽ የሚበልጡት 20 ግሶች ከ8 ትንንሽ ቃላት ጋር እየተጣመሩ የሚሠሯቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ጥቂት ቃላት እጅግ ብዙ ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው።

ትርጉሙን የሚያከብደው ግን የቃላቱ ብዛት አይደለም። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ ነገሩን በአንድ ጠርሙስ አስረድተዋል። ጠርሙስ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ዋሻ ውስጥ ሲገባ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ፍሎትድ ኢንቱ» ይላል፤ መንሳፈፉን ግሱ፣ መግባቱን ትንሿ ቃል ትናገራለች። ስፓኒሽ ሥራውን ይገለብጠዋል፦ «ኤንትሮ ፍሎታንዶ»። እዚህ ግሱ መግባት ነው፤ መንሳፈፉ ደጋፊ ሆኖ ይከተላል። አማርኛም «እየተንሳፈፈ ገባ» ስለሚል፣ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም አማርኛ ተናጋሪና የስፓኒሽ ተርጓሚ በአንድ በር ያልፋሉ። በታልሚ የቋንቋዎች አከፋፈል እንግሊዝኛና ጀርመንኛ በአንድ ወገን፣ ስፓኒሽና ቱርክኛ በሌላው ይመደባሉ።

ይህ ልዩነት በልብ ወለድ ትርጉም ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላል። የእንግሊዝኛ ደራሲ አንድን ልጅ በአንድ «ራን» ብቻ ከቤት አስወጥቶ፣ ጓሮውን አሻግሮ፣ እስከ ወንዙ ሊያወርደው ይችላል። ስፓኒሽ ግን ሦስት ግስ ይጠይቃል፦ ወጣ፣ ተሻገረ፣ ወረደ። ሩጫውን በሦስቱም ላይ መደጋገም አረፍተ ነገሩን ያንዛዛዋል። የበርክሌዩ ተመራማሪ ዳን ስሎቢን ልብ ወለዶችን ከትርጉሞቻቸው ጋር አስተያይተው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የስፓኒሽ ተርጓሚዎች የእንቅስቃሴውን ሁኔታ ግማሽ ለሚሆን ጊዜ እንደሚተዉት ገልጸዋል። ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙት ደግሞ አንዳንዴ ዋናው ጽሑፍ ላይ ያልነበረ ሁኔታ ይጨምራሉ።

መተዉ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ በእግሩ ሲገባ «ገባ» ብቻ ይበቃል፤ ሰው በምን ሊገባ ኖሯል? በጣቱ ቆሞ እየተሹለከለከ ከገባ ግን ያ አገባብ የታሪኩ ነፍስ ነው፤ «ኤንትሮ ዴ ፑንቲያስ» ብሎ ማዳን ያስፈልጋል። ጥሩ ተርጓሚ የትኛው ሁኔታ እንደሚጣልና የትኛው እንደሚድን ሲወስን ከሰዋስው አልፎ ታሪኩን እያነበበ ነው።

«አፕ» የምትባለው ቃል ሌላ ፈተና ታመጣለች። መነሻ ትርጉሟ ወደ ላይ ነው፤ ከመጠጣት ጋር ስትጣመር ግን ምንም ሳይተርፍ መጨረስን ትናገራለች። እዚህ «ወደ ላይ» የሚል የስፓኒሽ ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ ይጠፋል። ስፓኒሽ ያንኑ ስሜት «ሴ» በምትባል ተውላጠ ስም ይሰጣል፦ «ሴ ቤቢዮ ላ ሌቼ»፣ ወተቱን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ወተቱ ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይለወጣል። እንግሊዝኛ «ዊ ራን አውት ኦቭ ሚልክ» ሲል ባለቤቱ «እኛ» ነን። ስፓኒሽ «ሴ ኖስ አካቦ ላ ሌቼ» ሲል ባለቤቱ ወተቱ ነው፤ እኛ የነገሩ ጉዳት የደረሰብን ብቻ ነን። አማርኛ «ወተት አለቀብን» የሚለው በዚሁ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙ የሚደክምበት ይህ አወቃቀር «ብን» እና «ብኝ» እያለ ላደገ ሰው ቅርብ ነው።

ይህ አወቃቀር የሰውን ዕጣ ሊነካ ይችላል። ሉና ፊሊፖቪች የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ በአስተርጓሚ የተካሄዱ የፖሊስ ምርመራዎችን ቃል መርምረዋል። ስፓኒሽ ተናጋሪ «ሴ ሜ ካዮ» ቢል «ወደቀብኝ» ማለቱ ነው፤ አስቦ እንዳልጣለው ግሱ ራሱ ይናገራል። አስተርጓሚው «ድሮፕድ» ብሎ ካቀረበው ግን ሆን ብሎ ይሁን በስህተት አይታወቅም። ሰውየው በግልጽ የተናገረው መዝገብ ላይ ሲሰፍር አጠራጣሪ ሆነ ማለት ነው። «ወጣ» የሚለውም በአስተርጓሚ አፍ «ሮጦ ወጣ» ከሆነ፣ አምልጧል የሚል ጥርጣሬ ተጨመረበት። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሥልጠና ለእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ሰፊ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል።

መስተዋድዶቹም የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። እንግሊዝኛ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» እያለ የሚለየውን ስፓኒሽ ብዙ ጊዜ በአንድ «ኤን» ያጠቃልለዋል። በሌላ በኩል እንግሊዝኛ «ፎር» የሚለውን «ፖር» እና «ፓራ» ብሎ ይከፍለዋል፤ በጥቅሉ የመጀመሪያው ምክንያትን፣ ሁለተኛው ዓላማንና መድረሻን ያመለክታል። መፈለግ፣ መጠበቅና ማዳመጥ በእንግሊዝኛ መስተዋድድ ሲያስከትሉ «ቡስካር»፣ «ኤስፔራር» እና «ኤስኩቻር» ግን ብቻቸውን ይቆማሉ። ተፈላጊው ወይም ተጠባቂው የታወቀ ሰው ከሆነ ግን «አ» ትገባለች። ስለ ሰው ማለም «ሶኛር ኮን» ነው፤ ቃል በቃል ከሰው ጋር ማለም። እነዚህን መስተዋድዱን ከግሱ ሳይነጥሉ አንድ ላይ ከመያዝ የተሻለ መንገድ የለም።

በአሜሪካ ግን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ድንበር እየደበዘዘ ነው። መልሶ መደወል በእንግሊዝኛ «ኮል ባክ» ስለሆነ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር አብረው የሚኖሩ ብዙ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ያማር ፓራ አትራስ» ይላሉ፤ ቃል በቃል ወደ ኋላ መደወል። የቋንቋ ጠባቂዎች ይህን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ለሆስፒታል ማስታወቂያ የሚጽፍ ተርጓሚ «ዴቮልቬር ላ ያማዳ» ቢል ከማድሪድ እስከ ቦጎታ ያለው አንባቢ ይረዳዋል፤ ስለዚህ እሱን መምረጥ አለበት። ኒው ዮርክ ተወልዳ ያደገች የፖርቶ ሪኮ ልጅ በልብ ወለድ ውስጥ ለእናቷ ስትደውል ግን «ፓራ አትራስ» የገዛ ቤቷ አነጋገር ነው፤ ተርጓሚው ባያርመው ይሻላል።