«ሹሹ» ይባሉ ወይስ «ቦቦ»?

ቻይና ውስጥ እንግዳ ሲመጣ እናት ልጇን ገፋ ታደርግና «በል፣ ጥራቸው» ትለዋለች። ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ስማቸውን ጥራ ማለቷ አይደለም። እንግዳው የአባትየው ጓደኛ ከሆኑ ጥያቄው ከአባትየው በዕድሜ ያንሳሉ ወይስ ይበልጣሉ ነው። ካነሱ «ሹሹ»፣ ከበለጡ «ቦቦ» ይባላሉ። የመጀመሪያው የአባት ታናሽ ወንድም፣ ሁለተኛው የአባት ታላቅ ወንድም መጠሪያ ነው። የሚያጠራጥር ሲሆን ወንዱን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ አክብሮት ነው።

ለሴት ግን ነገሩ ይገለበጣል። «አዪ» በሥሩ የእናት እህት ሲሆን በእናት ዕድሜ ያለች ማንኛዋም ሴት፣ ቤት የምታጸዳው ሠራተኛም ጭምር ትጠራበታለች። የሠላሳ ዓመቷን ሴት «አዪ» ያለ ሰው ፊቷ ሲጠቁር ያያል፤ ብልህ ባለሱቅ «ጅየጅየ» (ታላቅ እህት) ብሎ ዕቃውን ይሸጣል።

እኛ «አጎት» ብለን የምንገላገለውን እነሱ ይበትኑታል። የእናት ወንድም ታላቅም ሆነ ታናሽ «ጂዮጂዮ» ነው። የአባት ወንድም ልጆች የቤተሰቡን ስም ስለሚወርሱ «ታንግ» የሚል ቅጥያ አላቸው፤ የአክስትና የእናት ወንድም ልጆች «ብያው» ናቸው። ወንድማማቾች ከበዙ ደግሞ ቁጥር ይገባል፦ ሁለተኛ ሹሹ፣ ሦስተኛ ሹሹ።

ይህ ሁሉ ተራ ጨዋነት ብቻ የሚመስለው ካለ የ2018ቱን የሻንጋይ ውዝግብ ይመልከት። አንድ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ የእናት እናት በደቡብ የምትጠራበት «ዋይፖ» ወጥቶ የሰሜኑ «ላውላው» ገባ። ቁጣው የሚገርም ነበር፤ በመጨረሻ የከተማዋ ትምህርት ባለሥልጣናት «ዋይፖ» ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዙ።

ከ1980 አካባቢ እስከ 2015 የዘለቀው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ብዙ መጠሪያ ባለቤት አሳጥቷል። አባትም እናትም ብቸኛ ልጅ ከሆኑ ልጃቸው በሥጋ ሹሹም ጂዮጂዮም የለውም። ሹሹ መንገድ ላይ ሞልቷል፤ ልጆች ፖሊሱን ሳይቀር «ፖሊስ ሹሹ» ይሉታል። ጂዮጂዮ ግን ለባዕድ እምብዛም ስለማይሰጥ ከቤት ሲጠፋ ጠፋ ነው። በቻይና አዲስ ዓመት ዘመድ ሲሰበሰብ ወጣቶቹ የሩቁን ዘመድ ምን ብለው እንደሚጠሩ በስልካቸው ያሰላሉ፤ ለዚሁ የተሠራ መተግበሪያ አለ።